ስለ ባለቱቦ የጊታር ማጉያ የመስመር መውጫ፤ አሠራሩና ስያሜው

1. መነሻ

አንድ ቃል ለብዙ ነገር መጠሪያ ሆኖ ሲያገለግል ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አድማጩ የንግግሩን አገባብ ተመልክቶ የትኛው እንደ ተባለ ይለያል። በሙያ ቋንቋ ውስጥ ግን ይህ ልማድ ዕቃ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ዓይነቱ ችግር አንዱን ነው።

ቃሉ ‹‹ድምፅ ማጉያ›› ነው። ተናጋሪው በእጁ የሚይዘውን ማይክሮፎን ‹‹ድምፅ ማጉያ›› እንለዋለን። በመካከል ተቀምጦ ድምፁን የሚያጎላውን አምፕሊፋየርም ‹‹ድምፅ ማጉያ›› እንለዋለን። ድምፁን ወደ አዳራሹ የሚያሰማውን ስፒከርም እንዲሁ ‹‹ድምፅ ማጉያ›› እንለዋለን። ዕቃው ሦስት ሲሆን ስሙ አንድ ነው።

ችግሩ በጉልህ የሚታይበትን ቦታ ለመምረጥ ስንል ወደ ጋምቤላ እንወስደዋለን። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የነዋሪው አፍ መፍቻ ግን አኙዋኛ፣ ኑዌርኛ፣ መዠንግርኛ፣ ኦፖኛ፣ ኮሞኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ናቸው። አማርኛን ከእናቱ አፍ የሰማ ሰው የቃሉን ጉድለት በልማድ ይሞላዋል፤ አማርኛን በትምህርት ቤትና በሥራ ላይ የተማረ ሰው ግን ቃሉ በሚለው መሠረት ይሠራል። ስለሆነም የሙያ ቃል ትክክለኛነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

እንግዲህ በጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ የሙዚቃ ቡድን ለዝግጅት ተሰናድቷል እንበል። አንዱ ተጫዋች በአኙዋዎች ዘንድ ‹‹ቶም›› የሚባለውን፣ በሳጥን ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ዘንጎች በአውራ ጣት እየተጫኑ የሚጫወቱበትን መሣሪያ ይዟል። ቶሙ ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ማይክሮፎን ቀርቦለታል። ሌላው ተጫዋች የኤሌክትሪክ ጊታር ከባለቱቦ ማጉያ ጋር ይዟል። ድምፆቹን አንድ ላይ የሚያዋሕደው ሚክሰር ደግሞ በአዳራሹ ጫፍ፣ 30 ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል። የቡድኑ ኃላፊ ለረዳቱ፣ ‹‹ድምፅ ማጉያውን ንቀልና ገመዱን ወደ ሚክሰሩ ውሰደው›› ሲል ያዝዘዋል። ረዳቱ የትኛውን ይንቀል? የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

2. ከጊታሩ ክር እስከ ስፒከሩ

የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ከብረት የተሠራ ነው። ከክሮቹ ሥር፣ በብዙ ሺህ ዙር በተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተከበበ ማግኔት ይገኛል፤ ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሉታል። ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ በሽቦውም ውስጥ እንደ ክሩ ርግብግብታ የሚለዋወጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህ ቮልቴጅ እንደ አመታቱና እንደ ፒክአፑ ዓይነት ከጥቂት ዐሥሮች እስከ ጥቂት መቶዎች ሚሊቮልት ይደርሳል። ስፒከር ለማንቀሳቀስ ፈጽሞ አይበቃም።

ይህን ደካማ ምልክት የሚያጎላው አየር አልባ ቱቦ ነው። ቱቦው አየሩ ተስቦ የወጣለት የመስታወት ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ የሚግል ብረት፣ በዙሪያው ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሰጠው ሌላ ብረት አለ። ከጋለው ብረት የሚነሡ ኤሌክትሮኖች ወደ ሁለተኛው ይበራሉ። በመካከላቸው የቆመው ፍርግርግ መንገዳቸውን ይቆጣጠራል፤ በፍርግርጉ ላይ የሚደርሰው ጥቂት የቮልቴጅ ለውጥ በሚያልፈው ኮረንት ላይ ትልቅ ለውጥ ያስከትላል። ይህን ባለ ሦስት ክፍል ቱቦ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ሠራው። አሜሪካውያን ቅርጹን አይተው ‹‹ትዩብ›› አሉት፤ እንግሊዞች ተግባሩን አይተው፣ ፍሰትን የሚከፍትና የሚዘጋ ነውና፣ ‹‹ቫልቭ›› አሉት። አንዱን ዕቃ ሁለት ሕዝቦች በሁለት ዓይን እንደ ተመለከቱት ከዚህ እንረዳለን።

በጊታር ማጉያ ውስጥ ሥራው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ቅድመ ማጉያ ይባላል። በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ‹‹12 ኤኤክስ 7›› የተባሉት ትንንሽ ቱቦዎች የጊታሩን ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋሉ፤ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያ ቁልፎችም የሚገኙት እዚሁ ነው። ሁለተኛው ክፍል ኃይል ማጉያ ነው። በዚህ ክፍል እንደ ‹‹ኢኤል 34›› ወይም ‹‹6 ኤል 6›› ያሉ ትልልቅ ቱቦዎች በብዙ መቶ ቮልት እየሠሩ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ያወጣሉ።

ይሁን እንጂ ቱቦና ስፒከር በቀጥታ አይስማሙም። ቱቦ የሚሰጠው ከፍተኛ ቮልቴጅና ጥቂት ኮረንት ነው፤ ስፒከር ግን የሚፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅና ብዙ ኮረንት ነው። ለተለዋዋጭ ኮረንት የሚታየው የመግታት መጠን ኢምፔዳንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ቱቦዎቹ ብዙ ሺህ ኦም ሲሹ ስፒከሩ 4፣ 8 ወይም 16 ኦም ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው የመውጫ ትራንስፎርመር ነው። የትራንስፎርመር የኢምፔዳንስ ንጽጽር የዙሮቹ ንጽጽር ካሬ ስለሆነ፣ 6,400 ኦም የሚሹትን ቱቦዎች ከ8 ኦም ስፒከር ጋር ለማገናኘት የ800 ለ1 ለውጥ ያስፈልጋል፤ ይኸውም 28 ለ1 ያህል የሆነ የዙር ንጽጽር ማለት ነው። ከዚህ አልፎ የሚወጣው ምልክት ከሙሉ ኃይል ጋር ነው። 50 ዋት ያለው ማጉያ ባለ 8 ኦም ስፒከር ሲያንቀሳቅስ 20 ቮልትና 2.5 አምፔር ያስተላልፋል።

3. ‹‹የመስመር ደረጃ›› ምንድን ነው?

‹‹መስመር›› የሚለው ስም ወደዚህ ሙያ የገባው ከስልክ ነው። ድምፅን በሩቅ የስልክ መስመሮች ለማስተላለፍ ይደክሙ የነበሩ መሐንዲሶች የጋራ መለኪያ ስለ አስፈለጋቸው፣ በ600 ኦም ላይ 1 ሚሊዋት የሚሰጠውን ምልክት መነሻ አደረጉ፤ በቮልት ሲለካ 0.775 ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎችና የድምፅ መቅረጫ ቤቶች ይህንኑ ልማድ ወረሱ። ዛሬ በሙያ መሣሪያዎች የመስመር ደረጃ የሚባለው 1.23 ቮልት ያህል ነው፤ ለቤት አገልግሎት በተሠሩት ደግሞ 0.316 ቮልት ያህል ነው።

እንግዲህ አራት ደረጃዎች አሉን። ከታች የማይክሮፎን ደረጃ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ቀጥሎ የጊታር ደረጃ ይመጣል። በሦስተኛነት 1 ቮልት ገደማ የሆነው የመስመር ደረጃ አለ። በመጨረሻም ብዙ ቮልትና ብዙ ኮረንት የሚሸከመው የስፒከር ደረጃ ይገኛል።

በመስመር ደረጃና በስፒከር ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ግን የቮልት ብቻ አይደለም፤ የዓላማም ልዩነት ነው። የመስመር ምልክት መልእክት ነው። ተቀባዩ ሚክሰር 10,000 ኦም ወይም ከዚያ በላይ የመግቢያ ኢምፔዳንስ ስላለው ከላኪው የሚስበው ኮረንት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ መልእክቱን ያነብባል እንጂ ሥራ አያሠራውም። የስፒከር ምልክት ግን ሸክም ተሸካሚ ነው፤ የስፒከሩን ወረቀት እየገፋና እየሳበ አየሩን ያንቀጠቅጣል። ከአንድ ቤት መልእክተኛና ሸክም ተሸካሚ አብረው ቢወጡ መንገዳቸው አንድ እንደማይሆን ሁሉ፣ ሁለቱ ምልክቶች ከአንድ ሣጥን ቢወጡም መድረሻቸው የተለያየ ነው።

የመስመር ደረጃ ጥቅሙ በርቀት ላይ ይታያል። የፒክአፕ ኢምፔዳንስ ከፍተኛ ስለሆነ የጊታሩን ገመድ በቀጥታ 30 ሜትር ብንዘረጋው ገመዱ ራሱ የድምፁን ቅጥነት ይውጠዋል፤ ጊታሩም የታፈነ ይሆናል። ከመስመር መውጫ የሚነሣ ምልክት ግን የምንጩ ኢምፔዳንስ ዝቅተኛ በመሆኑ ያንኑ ርቀት ሳይጎዳ ይዘልቃል። በአዳራሹ ውስጥ ማጉያው ከተጫዋቹ አጠገብ ሳይነሣ፣ ምልክቱ ብቻ ወደ ሚክሰሩ እንዲሄድ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ምልክቱ ከየት ይቀዳል?

ሁሉም የመስመር መውጫ አንድ ዓይነት አይደለም። በሦስት ከፍለን እናያቸዋለን።

ሀ) ከቅድመ ማጉያው በኋላ፣ ከኃይል ማጉያው በፊት የሚቀዳ፦ ምልክቱ ንጹሕና የተመጠነ ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ ቱቦዎችና ትራንስፎርመሩ በድምፁ ላይ የሚጨምሩት ጠባይ በውስጡ የለም። ባለቱቦ ማጉያን የሚመርጥ ተጫዋች ዘወትር የሚፈልገው ይህንኑ ጠባይ ስለሆነ፣ ‹‹ድምፄ ተለወጠ›› ብሎ ቢያማርር አያስደንቅም።

ለ) ከስፒከሩ መውጫ ጎን የሚቀዳ፦ በዚህኛው፣ ከስፒከሩ ጋር ጎን ለጎን ሁለት ሬዚስተሮች በተርታ ይታሰራሉ። ለምሳሌ አንዱ 10,000 ኦም፣ ሌላው 500 ኦም ቢሆን፣ 20 ቮልቱ በሁለቱ ላይ ይከፋፈልና በትንሹ ሬዚስተር ላይ 0.95 ቮልት ያህል ይገኛል። ይህም የመስመር ደረጃ ነው። በሬዚስተሮቹ የሚያልፈው ኮረንት 2 ሚሊአምፔር እንኳ አይሞላም፤ በስፒከሩ ከሚያልፈው 2.5 አምፔር ጋር ሲነጻጸር ከሺህ አንድ እጅ ያነሰ ነው። ስለሆነም ስፒከሩ ምንም አይጎድልበትም፤ ማጉያውም መኖራቸውን አያውቅም።

ሐ) በማግለያ ትራንስፎርመር አልፎ የሚወጣ፦ ማጉያውና ሚክሰሩ ከተለያዩ ሶኬቶች መብራት ሲወስዱ የምድር ገመዶቻቸው በምልክቱ ገመድ በኩል ስለሚገናኙ 50 ኸርዝ የሆነ እምምታ ይሰማል። ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር በመካከል ቢገባ ምልክቱን በማግኔት መስክ ያሳልፍና የመዳብ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል፤ እምምታውም ይጠፋል። እዚህ ላይ ሳናስጠነቅቅ የማናልፈው ነገር አለ። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የማጉያውን የምድር ገመድ መቁረጥ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ተጫዋቹ የብረት ክር በእጁ ይዟል፤ ማጉያው ቢበላሽ ኮረንቲው መውረጃ የሚያገኘው በእርሱ ሰውነት ነው።

የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች እጅግ ይቀንሳቸዋል፤ ስለዚህ ለድምፁ ማጣሪያ ሆኖ ያገለግላል ማለት ይቻላል። ከመስመር መውጫ በቀጥታ የሚሰማ ጊታር ይህ ማጣሪያ ስለሌለው ጆሮ የሚበሳ ይሆናል። አንዳንድ ማጉያዎች የስፒከሩን ጠባይ የሚያስመስል ማጣሪያ በመስመር መውጫቸው ላይ ይጨምራሉ። ይህ ከሌለ በሚክሰሩ ላይ ቀጫጭኖቹን ድምፆች መቀነስ፣ አለዚያም ከስፒከሩ ፊት ማይክሮፎን ማቆም ያስፈልጋል።

5. ጭነቱ ሊወርድለት የማይገባ ዕቃ

አሁን ወደ ረዳቱ እንመለስ። ‹‹ድምፅ ማጉያውን ንቀል›› የሚለው ትእዛዝ ሦስት ፍቺ አለው። ረዳቱ የቶሙን ማይክሮፎን ቢነቅል ቶሙ አይሰማም፤ ስሕተቱ ወዲያው ይታረማል። የጊታሩን ማጉያ ከመብራት ቢነቅል ጊታሩ ይጠፋል፤ ይህም ይታረማል። ስፒከሩን ነቅሎ ያንኑ ገመድ ወደ ሚክሰሩ ቢወስደውና ጊታሩ ቢመታ ግን ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ይደርሳል። 1 ቮልት ለሚጠብቀው ሚክሰር ብዙ ዐሥር ቮልት ይላክበታል። ማጉያው ደግሞ 8 ኦም በሚጠብቅበት ቦታ ከ10,000 ኦም በላይ ያገኛል፤ ጭነት የለውም ማለት ነው።

ባለቱቦ ማጉያ ያለ ጭነት ሲሠራ ምን እንደሚሆን በሙቀጫ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በሙቀጫ ውስጥ በቆሎ ወይም ማሽላ ካለ የዘነዘናው ኃይል በእህሉ ላይ ያልቃል። እህል የሌለበትን ሙቀጫ በሙሉ ኃይል የሚወቅጥ ሰው ግን ሙቀጫውን ይሰነጥቀዋል። በትራንስፎርመሩ ውስጥ በማግኔት መስክ የሚከማቸው ኃይልም ወደ ስፒከሩ ካልሄደ ተመልሶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሆናል። ይህም ቮልቴጅ የትራንስፎርመሩን ሽቦዎች ሽፋን ይበሳል፤ በቱቦዎቹ እግሮች መካከልም ብልጭታ ያስነሣል።

በዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ግምቶች ያሳስታሉ። አንደኛው፣ ባለትራንዚስተር ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ ስፒከር ቢነቀልበት አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ ነው። በዚያ የለመደ ባለሙያ ያንኑ ልማድ ወደ ባለቱቦው ያሻግራል። ሁለተኛው፣ በመስመር መውጫው ላይ ገመድ ከተሰካ ስፒከሩ አያስፈልግም የሚለው ግምት ነው። ከላይ ያየናቸው ሬዚስተሮች ተደምረው 10,500 ኦም ናቸው፤ የ8 ኦምን ቦታ ሊተኩ አይችሉም። የመስመር መውጫ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይሠራል እንጂ ስፒከሩን አይተካም። ድምፅ እንዳይሰማ ከተፈለገ የማጉያውን ሙሉ ዋት ተሸክሞ ወደ ሙቀት የሚለውጥ የጭነት ሣጥን በስፒከሩ ምትክ መሰካት አለበት።

‹‹ጭነት›› የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ ትኩረት ይሻል። በአማርኛችን ጭነት ማውረድ እረፍት መስጠት ነው፤ ለአጋሰስም ለሰውም ቸርነት ነው። ለባለቱቦ ማጉያ ግን ጭነት ማውረድ ጥፋት ነው። ቃሉን እንተወው አንልም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የለመዱት ስለሆነ ይቆይ። በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ግን ይህ ልዩነት መገለጽ ይኖርበታል።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ደግሞ ቦታውን እናስታውስ። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በመንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የቱቦዎቹ ግለት ይጨመርበታል። የተቃጠለ የመውጫ ትራንስፎርመር በዚያ ቦታ በቀላሉ አይተካም፤ ቡድኑም ያለ ጊታር ይቀራል።

6. ስለ ስያሜው ያለን አስተያየት

‹‹ማጉያ›› የሚለው ስም የወጣው ‹‹አጎላ›› ከሚለው ግሥ ነው። ‹‹አጉሊ መነጽር›› እንደሚለው ሁሉ፣ ትንሹን ትልቅ ማድረግን ያመለክታል። በዚህ ፍቺ ከመዘንነው ከሦስቱ ዕቃዎች የሚያጎላው አንዱ ብቻ ነው። ማይክሮፎን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ አያጎላም። ስፒከር ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ እርሱም አያጎላም። የሚያጎላው አምፕሊፋየሩ ነው። ስለሆነም ‹‹ማጉያ›› ለእርሱ ብቻ ቢጠበቅለት የቃሉ ሥርም የዕቃውም ተግባር ይስማማሉ።

ለሌሎቹ ሁለቱ አዲስ ቃል መፍጠር ይቻል ነበር። እኛ ግን ሕዝቡ የያዛቸውን ‹‹ማይክሮፎን››ንና ‹‹ስፒከር››ን መተው አይገባም እንላለን። ከአንድ የጣሊያን የድምፅ ዕቃ አምራች ስም የመጣው ‹‹ሞንታርቦ›› በከተሞቻችን ለትልልቅ ስፒከሮች የወል ስም መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በጊታር ማጉያ ሣጥን ውስጥ ላለው አንድ ስፒከር ስለማይነገር አጠቃላይ መጠሪያ ሊሆን አይችልም።

‹‹መውጫ›› የሚለው ቃል ደግሞ አንድ ነገር እንደሚወጣ ይናገራል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። በብዙ ማጉያዎች ጀርባ የስፒከሩና የመስመሩ ቀዳዳዎች በስፋት እኩል ናቸው፤ አንዱ መሰኪያ በሁለቱም ይገባል። ቀዳዳው ስሕተትን ካልከለከለ መከልከል ያለበት ስሙ ነው። ‹‹መስመር›› የሚለውም ብቻውን ሲጻፍ የመብራት መስመርን ያሳስባል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር እናሳስባለን። በመዝገበ ቃላትና በመማሪያ መጻሕፍት ‹‹የመስመር መውጫ›› እና ‹‹የስፒከር መውጫ›› ተብለው ይለዩ። በዕቃው ጀርባ በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ ግን መድረሻው ይነገር፦ በአንዱ ‹‹ወደ ስፒከር፤ ሳይሰካ አይከፈት››፣ በሌላው ‹‹ወደ ሚክሰር››። በጋምቤላ ይኸው ጽሑፍ በአኙዋኛና በኑዌርኛም ቢጨመር መልካም ነው፤ ቃሉን መምረጥ ግን የየቋንቋው ባለቤቶች ሥራ ነው።

በዚህ መሠረት የኃላፊው ትእዛዝ፣ ‹‹ስፒከሩ እንደ ተሰካ ይቆይ፤ ከመስመር መውጫው ወደ ሚክሰሩ ሌላ ገመድ ዘርጋ›› የሚል ይሆናል። ከፊተኛው ጥቂት ቃላት ይበልጣል፤ ማንም ግን በሁለት አይተረጉመውም።

7. የቃላት ዝርዝር

ማጉያ፦ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክትን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ፤ አምፕሊፋየር።
ቅድመ ማጉያ፦ የማጉያ የመጀመሪያ ክፍል፤ ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግና ድምፅን የሚያስተካክል።
ኃይል ማጉያ፦ የማጉያ የመጨረሻ ክፍል፤ ስፒከርን የሚያንቀሳቅስ ኃይል የሚሰጥ።
አየር አልባ ቱቦ፦ አየሩ በተሳበ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የኤሌክትሮኖችን በረራ በመቆጣጠር የሚያጎላ ክፍል፤ ቫልቭ።
የመውጫ ትራንስፎርመር፦ የቱቦን ከፍተኛ ኢምፔዳንስ ከስፒከር ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ጋር የሚያስማማ።
የመስመር ደረጃ፦ በመሣሪያዎች መካከል ለሚተላለፍ ምልክት የተወሰነ የቮልቴጅ ልክ፤ 1 ቮልት ገደማ።
የመስመር መውጫ፦ የመስመር ደረጃ ያለው ምልክት የሚወጣበት ቀዳዳ፤ ስፒከር አይሰካበትም።
የስፒከር መውጫ፦ ሙሉ ኃይል የሚወጣበት ቀዳዳ፤ በባለቱቦ ማጉያ ላይ መሣሪያው ሲሠራ ባዶውን አይተውም።
ጭነት፦ ከማጉያ የሚወጣውን ኃይል የሚቀበል ክፍል፤ ለባለቱቦ ማጉያ የግድ አስፈላጊ።
የጭነት ሣጥን፦ በስፒከር ምትክ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ።

በሙያው ላይ የተሠማሩ አንባብያን፣ በተለይም በየክልሉ የሚገኙ የድምፅ ባለሙያዎች፣ በሥራ ላይ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከነፍቺያቸው ቢያደርሱን ዝርዝሩን እያረምንና እያሟላን እንሄዳለን።